«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደግሜ ሳነብ በሰብለ ወንጌል ቅር ተሰኘሁ

ነባር አንባቢ፦

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጣትነቴ አንብቤ ካስቀመጥሁት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ሰሞኑን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ደግሜ አነበብሁት። ይህ መጽሐፍ ሲነሣ ሁላችንም በአንድ አፍ ማድነቅ ስለለመድን፣ ያስደሰተኝንም ቅር ያሰኘኝንም ሳልሸሽግ ጽፌ የሌሎችን አስተያየት መስማት ፈለግሁ።

ያላረጀውን ላስቀድም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ስለ ሹመትና ስለ ዘር ኩራት የተናገረው ሁሉ ዛሬም ትኩስ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለትዳር የጠየቀውን ሁሉ ዘሩ አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ፣ ልጅቱም የእኩዮቿ የጋብቻ ዘመን እያለፈ በአባቷ ቤት ስትቀር፣ ደራሲው የሚያሳየን እንዲያው የተፈጠረ ክፉ ሰው አይደለም። የትውልድ ሐረጉ ያሰከረው፣ እያሳቀን የሚያሳዝነን ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተሣለ እጠራጠራለሁ።

ቅሬታዬ በፍቅሩ ላይ ነው። የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌልና መምህሯ በዛብህ በዙሪያቸው ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ የሳሱ ሆነው አገኘኋቸው። ሰብለ ውብ ናት፣ ደግ ናት፣ ትዕግሥተኛ ናት፣ ታዝናለች። ነገር ግን ምን እንደሚያናድዳት፣ በምን እንደምትሥቅ፣ የአባቷን ቤት ስለሚቀልቡት ገበሬዎች በልቧ ምን እንደምታስብ ስፈልግ የማገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በዛብህም ድምፀ መረዋና የተማረ ይሁን እንጂ ሕይወቱን በሚለውጡት ጉዳዮች ሁሉ ላይ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ተስላ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ ከአደገም በኋላ ሰዉ ዕብድ የሚለው ጉዱ ካሣ ይመክረዋል፣ ሰብለ ትወደዋለች፣ ፊታውራሪ ያባርሩታል። በመጨረሻ ደግሞ ሽፍቶች ይመጣሉ። እሱ ከአዲስ አበባ ወደ እሷ፣ እሷ በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ ወደ እሱ ሲጓዙ፣ ከሞት አፋፍ ላይ ትደርስበታለች። ያን ጊዜ ዕጣ ፈንታ ነው ብዬ አልቅሼለት ነበር። ዛሬ ግን የደራሲው እጅ ሁለቱን ወደ አንድ ቦታ ሲገፋ ይታየኛል። የጉዱ ካሣ ንግግሮችም ሐሳባቸው የከበረ ቢሆንም፣ አድማጩ በዛብህ አንድ ቃል እንኳ ለማስገባት ፋታ ሳያገኝ ገጽ ከገጽ ይሻገራሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስለምንወደው ብቻ ነው እነዚህን ጉድለቶች የምናልፋቸው፣ ወይስ እኔ ያላየሁት ምክንያት አላቸው?

የሬዲዮ ትውልድ፦

እኔ ይህን መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ በዕድሜ የምንቀራረብ ብዙዎች እንደዚሁ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣና የጉዱ ካሣ ማጉረምረም ለየብቻቸው ሰው ሆነው ቤታችን ይገቡ ነበር። ዛሬ በምኖርበት በአሜሪካ ያንኑ ቅጂ መኪና እያሽከረከርኩ አዳምጠዋለሁ፤ ፊደል የማይለዩት የእዚህ አገር ተወላጅ ልጆቻችንም ሳይቀሩ አንዳንዴ ከኋላ ወንበር ጸጥ ብለው ይሰሙታል።

ይህን የምለው ስለ ረጃጅሞቹ ንግግሮች ነው። በዓይን ሲነበቡ ያደክማሉ፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ለጆሮ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሐረግ የቀደመውን ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተደራረበ በኋላ ማሰሪያው ሲመጣ አድማጭ እፎይ ይላል። ዜማንና ቅኔን በቃል ከመምህር አፍ እየተቀበለ ያደገ ደራሲ እንዲህ ቢጽፍ የሚያስገርም አይደለም። አንድን የካሣ ንግግር ድምፅዎን አሰምተው ቢያነቡት ርዝመቱ የሚቀልልዎ ይመስለኛል።

በሰብለ ጉዳይ ግን የወጋየሁም ጥበብ አላዳናትም። እስካሁን ከትረካው በጆሮዬ የቀሩት የአባቷና የካሣ ድምፆች ናቸው። የእሷን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ለቅሶዋ ብቻ ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ፦

ነባር አንባቢ የዘረዘሯቸው ጉድለቶች ልብ ወለድን በልብ ወለድ መለኪያ ብቻ ስንመዝን የሚታዩ ናቸው። እኔ ግን ይህ መጽሐፍ ግማሽ አካሉ ገድል ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩን ከሥሩ እንመልከተው። አንዲት እናት ልጇ እንዳይሞትባት ትሳላለች፤ ልጁም ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ሊያገለግል ገና ሳያውቅ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ በዛብህ የሚያደርገው ሁሉ ከዚህ ስለት ጋር ይጋጫል። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ ስትወጣም ስንክሳር ሲነበብ ለሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቅድስት እንባ መሪና ሴትነቷን ሠውራ በወንዶች ገዳም የኖረችበት ታሪክ በየዓመቱ የሚነበብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ስለሆኑ ይህ ሁሉ ከደማቸው ጋር የተዋሐደ ነበር። በገድል ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጠባዩ እየተለወጠ አይሄድም፤ በመከራ ይፈተናል እንጂ። የሰብለ ትዕግሥትና የበዛብህ ታዛዥነት ከዚያ የመጡ ናቸው።

ሽፍቶቹንም እንዲሁ አያለሁ። ስለቱን የሚያምን አንባቢ በዛብህ በመንገድ ወድቆ ሲያገኘው ድንገተኛ አጋጣሚ ነው አይልም፤ የተሰጠ ነገር ወደ ሰጪው አልተመለሰም፣ ስለዚህ ተቀባዩ ወሰደው ይላል። ደራሲው ይህን አይናገርም፣ አያስተባብልምም። የአገሩን ሥርዓት የሚከሰው አንባቢና ስለት ይደርሳል የሚለው አንባቢ በአንድ ሞት ላይ ቆመው የተለያየ ፍርድ እንዲሰጡ ትቷቸዋል። ይህን እኔ የጥበብ ምልክት እለዋለሁ።

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ፦

የቅኔ ቤት ተማሪው አስተያየት የሚያስደስት ቢሆንም ለደራሲው ከሚገባው በላይ ቸር ይመስለኛል። የቅድስት እንባ መሪና ታሪክ ስለ እሷ ነው፤ ያለ ጥፋቷ ስትከሰስና የሌላ ሰው ልጅ አባት ነህ ተብላ ስታሳድግ፣ የታሪኩ ሚዛን ያረፈው በእሷ ዝምታ ላይ ነው። የሰብለ ዝምታ ግን ብዙ ጊዜ ሌሎች እንዲናገሩበት የተተወ ባዶ ቦታ ነው።

ሆኖም ነባር አንባቢ ለሰብለ ትንሽ ጨክነውባታል። እሷ የምትኖረው ሴት ልጅ በምታፈራበትና በማትጠየቅበት ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ሴት ስለ ገበሬዎች ያላትን አስተያየት ተቀምጣ እንድትነግረን መጠበቅ የዘመናችን ምኞት ነው። ይልቁንስ የምታደርገውን እንይ። በዛብህ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሲወስንለት፣ ሰብለ ግን በሕይወቷ ትልቁን እርምጃ ስትወስድ የቤቱን ሀብትና ክብር፣ እናትና አባቷንም ጥላ ነው የወጣችው። የረዳት ቢኖርም የሄደችው በራሷ ልብ ነው። ከሁለቱ ፍቅረኞች ደፋሯ እሷ ናት።

ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፤ መምህር ተማሪውን ማፍቀሩ ነውር አይደለም ወይ ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የምመልስላቸው ግን መጽሐፉ ውስጥ ኃይሉ በማን እጅ እንዳለ እንዲያስተውሉ ነው። በዚያ ቤት መምህሩ ድኻ ተቀጣሪ ነው፤ ተማሪዋ የጌታ ልጅ ናት፤ ነገሩ ቢታወቅ ነፍሱን የሚያጣው እሱ ነው። ይህን ካዩ በኋላ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ክርክሩም ያኔ ይጥማል።

እኔን የሚከነክነኝ ፍጻሜው ነው። በዛብህ ከሞተ በኋላ ሰብለ መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ትቀራለች፤ ጉዱ ካሣም መጥቶ ከእነሱ ጋር ይቀበራል። ርእሱ ይህንኑ ቃል ስለገባ ደራሲው ቃሉን ጠብቋል ማለት ይቻላል። ግን ያን ሁሉ ደፍራ ከአባቷ ግቢ ያመለጠች ሴት ከአንዱ አጥር ወጥታ ወደ ሌላ አጥር መግባቷ፣ መጽሐፉም ይህን እንደ ድል መቁጠሩ ሴት ተማሪዎቼን ያስቆጣቸዋል። እኔም ልቆጣቸው አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የምወደው የፍቅር ታሪክ የበዛብህና የሰብለ አይደለም፤ የወላጆቹ ነው። ባል አልበረክትልሽ ብሏት የኖረችው ውድነሽ በጣሙና ድኻው ቦጋለ መብራቱ ማንኩሳ ውስጥ እንዴት እንደተጋቡ የሚተርኩትን የመጀመሪያ ምዕራፎች እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡ። ሁለቱም ሕይወት ያንገላታቸው፣ ከውበት ይልቅ የሰው ጠረን የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ይፈራሉ፣ ያፍራሉ፣ ይቀላለዳሉ። ደራሲው ስለ ፍቅር መጻፍ ይችል እንደነበረ ምስክሩ ይህ ነው፤ ወጣቶቹ ጋ ሲደርስ ነው ብዕሩ መስገድ የጀመረው።

ባለ አንድ ቃል፦

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን ዘንድሮም አነበብኩት፣ ዘንድሮም አለቀስኩ። የሽፍቶቹን ነገር አውቄ፣ ከመምጣታቸው በፊት እየጠበቅኋቸው ነው ያለቀስኩት። መጽሐፍን በዚህ የሚመዝን ሰው ካለ ቁጠሩልኝ።

የታሪክ ወዳጅ፦

ክርክሩ በፍቅረኞቹ ላይ ብቻ ስለተወሰነ የዘመኑን ነገር ላንሣ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. የካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ፤ በማግሥቱ ዓመት ይህ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚተች ሰው አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር የዘመተ፣ ተማርኮ ጣሊያን አገር የታሰረ፣ ከነፃነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገለ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው፣ ኅብረተሰባችን ሕይወት እንደሌለው የድንጋይ ካብ አንዱ በሌላው ላይ ተጭኖ የቆመ ስለሆነ የታችኛው ሲያፈነግጥ ሁሉም ይፈርሳል የሚለውን ሐሳብ በጉዱ ካሣ አፍ ማናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ካሣን ሰዉ ሁሉ ዕብድ ማለቱም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ዕብድ የተባለ ሰው ብዙ ሊናገር ይችላል። ለረጃጅሞቹ ንግግሮች ከጆሮ ሌላ ይህም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እኔ ጉድለት የምለው ሌላ ቦታ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡና ጌታቸውን ሲማርኩ፣ መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ ያልነበረው ጉልበት ያገኛል። ፍርሃት የለመደ ሰው እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚደፍር፣ ከደፈረም በኋላ በገዛ ድፍረቱ እንዴት እንደሚደነግጥ ይታያል። ከዚያ ግን ደራሲው እነዚህን ገበሬዎች ትቶ ወደ ፍቅረኞቹ እንባ ይመለሳል። ካሣ ሥርዓቱ እንደሚፈርስ ያውቃል፤ አበጀ በለው ሊያፈርሰው ይሞክራል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የየራሳቸውን መንገድ ይሄዳሉ፣ ዕውቀቱና እርምጃው በአንድ ሰው ላይ አይገናኙም። ይህ የደራሲው ድክመት ይሁን የዘመኑ እውነተኛ መልክ ለመወሰን እቸገራለሁ፤ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የድሮ መጻሕፍት ሰብሳቢ፦

ሴት በወንድ ልብስ ስለመሸሸጓ ሲነገር፣ ገድሉ ብቻ ሳይሆን የልብ ወለዳችንም ታሪክ መጠቀስ አለበት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ «ጦቢያ» ዋና ሰው ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ ናት። በዚያ መጽሐፍ አጋጣሚ ንግሥት ናት፤ የጠፋ ይገኛል፣ የተማረከ ይፈታል፣ መጨረሻው ሰርግና ጥምቀት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲጽፉ፣ ሰዎቻቸው የሚበሉትን፣ የሚከፍሉትን ግብርና የሚጣሉበትን ጉዳይ በዝርዝር አሳይተው አጋጣሚን ከመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል አባረሯት። መጨረሻ ላይ ግን መልሰው ጠሯት፤ አሁን ግን ለማገናኘት ሳይሆን ለመግደል። ነባር አንባቢን የከነከነው ሽፍታ የቆየው ልብ ወለድ ቅሪት ነው ብዬ አስባለሁ። ማንኩሳንና የሰብለን አገር ዲማን ያን ያህል በእውነት ካየን በኋላ ስለሚመጣ ነው የጎረበጠን፤ በ«ጦቢያ» ውስጥ ቢሆን ኖሮ ልብ አንለውም ነበር።

ነባር አንባቢ፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ስለ ውድነሽና ቦጋለ የተነገረው ትክክል ነው፤ እነዚያን ምዕራፎች ወደ ዋናው ታሪክ ለመድረስ ስቸኩል ነበር ያለፍኋቸው፣ ትናንት ማታ ተመልሼ ሳነባቸው ግን አስተማሪዋ እንዳሉት ሆነው አገኘኋቸው። አንድን ንግግርም ድምፄን አሰምቼ አነበብሁ፤ የሬዲዮ ትውልድ እንዳሉትም ቀለለልኝ፣ ምንም እንኳ ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ ባላውቅም።

በሽፍቶቹ ጉዳይ ግን አሁንም አልረታሁም። ምክንያቴን ላጥብቀው። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከሰው አንድ ሥርዓት አለ፤ ሰውን በአጥንቱ የሚመዝን፣ ድኻውን የማይመለከት ሥርዓት። በዛብህ በፊታውራሪ ሎሌዎች እጅ ቢሞት ኖሮ ክሱ ይሞላ ነበር። ሰብለን በማጣት መንምኖ ቢሞትም እንዲሁ። ደራሲው ግን ከዚህ ጉዳይ ምንም ድርሻ በሌላቸው ወንበዴዎች እጅ አስገደለው። በዚህም ፊታውራሪ መሸሻን ከደሙ ነፃ አወጣቸው። የስለቱ ትርጓሜ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ጥፋቱ የሰማይ ከሆነ የምድሩን ሥርዓት የሚጠይቀው ማን ነው?

የቅኔ ቤት ተማሪ፦

አንድ ነገር ብቻ ልመልስ። በዛብህ በዚያ መንገድ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ከዲማ ያባረረው ማን ነው? ተመልሶ ሲመጣ በግልጽ እንዳይመጣ፣ ሰብለም በመነኩሴ ልብስ ካልሆነ በቀር ከግቢዋ እንዳትወጣ ያደረገው ማን ነው? ሽፍታው ለአንድ ጊዜ ነው የመታው፤ ወደ ሽፍታው መንገድ የመሩት ሰው ስም ግን በየምዕራፉ ተጽፏል። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን ማጣት እንደሚያሳፍር ነው ያደግነው፤ እዚህም ሽፍታውን ሰም አድርገው ቢያዩት።

ነባር አንባቢ፦

ይህ አባባል እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ የጠነከረ ነው። ቢሆንም ወርቁን ለማውጣት አንባቢው ይህን ያህል መድከም የነበረበት አይመስለኝም፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ትኩረት በሟቹና በአልቃሿ ላይ ስለሆነ፣ መንገዱን ማን እንደቀየሰው የሚያስታውሰን ሰው በዚያ ሰዓት አጠገባችን የለም።

የታሪክ ወዳጅ፦

ካሣ አለ እኮ። መጥቶ ከእነሱ ጋር የሚቀበረው ለዚያ አይደለም?

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ፦

ካሣ ሲመጣ ግን ክርክሩን ትቶ ለሐዘን ነው የሚመጣው። በሕይወቱ ሙሉ ዝም ማለት ያቃተው ሰው በዚያ ቦታ ላይ ንግግር ቢያጥረው እረዳዋለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንዲናገር እጅግ የፈለግሁት ግን ያን ጊዜ ነበር።

ለሚቀጥለው ንባብ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልምዣት»ን በ1980 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ስማቸው በአንደኛው መጽሐፍ ጥላ ሥር ስለተዋጠ ስለነሱ የሚነጋገር ሰው ብዙ አይገኝም። «የልምዣት» ርእሱ ራሱ የሴት ስም ስለሆነ፣ የሰብለን ጉዳይ ያነሣ ሰው ከዚያ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ቢመለስ ክርክራችን ይሰፋል። ነባር አንባቢ ፈቃደኛ ከሆኑ እኔ በሚመጣው ወር ክሩን ልከፍት እችላለሁ።

ነባር አንባቢ፦

ፈቃደኛ ነኝ። መጽሐፉን ግን አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ መፈለግ አለብኝ፤ ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ካለ በውሰት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ፣ ጥግ ሳላጥፍ እመልሳለሁ።

የድሮ መጻሕፍት ሰብሳቢ፦

እኔ ዘንድ አለ። ሽፋኑ ተገንጥሏል እንጂ ገጾቹ ሙሉ ናቸው፤ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።